ብድር የሚመለስበት ሳምንት

ክሩ፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ስለ ብድርና ስለ ኤችአይቪ የተጀመረው ውይይት፣ የተከፈተው ሰኞ ማታ ነው። እኔ ከመድረኩ አራት አስተናባሪዎች አንዷ ነኝ። ሥራዬ ስድብ ማጥፋትና ከርዕስ የወጣን ሰው ቀስ ብሎ መመለስ ነው። እዚህ ቤት ስለ ኤችአይቪ የሚከፈት ክር ብዙ ጊዜ አምስት መልስ ሳይሞላ ይሞታል። ሰው ርዕሱ ሰልችቶታል። ይሄኛው ግን 33 ደረሰ። ዘግይታችሁ የመጣችሁ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበቡ ከበደን ስላላችሁ፣ የሆነውን በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። ጸሐፊዎቹንም በመልስ ቁጥራቸው ነው የምጠራቸው።

የከፈተችው ሴት ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩባቸው ከተሞች በአንዱ ትሠራለች። የከተማውን ስም አልጻፈችም። የአንድ ትንሽ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ናት። ማኅበሩ በመጠጥ ቤቶችና በአልጋ ቤቶች የሚሠሩ ሴቶችን ያሰባስባል። ጠዋት ጠዋት ስለ ኤችአይቪ ትምህርት አለ፤ ኮንዶም ይታደላል፣ ምርመራ ይደረጋል። ከዚያ የሦስት ወር የሙያ ሥልጠና ይከተላል። ሥልጠናውን የጨረሰች ሴት የመነሻ ብድር ታገኛለች። በአምስት በአምስት ይቧደኑና አንዷ ለሌላዋ ዋስ ትሆናለች። ወረቀት ላይ ያምራል አለች። ሌላ ገቢ ያላት ሴት፣ ያለ ኮንዶም ካልሆነ የሚላትን ደንበኛ እምቢ ማለት ትችላለች የሚል ስሌት ነው።

ችግሩን ያገኘችው መዝገቧ ላይ ነው። ክፍያው የወሩ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ለጠዋቱ ትምህርት የሚመጡት ሴቶች በግማሽ ይቀንሳሉ። በየወሩ። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰላት። በኋላ አንዷን ጠየቀቻት። ሴትየዋ ምንም አልደበቀቻትም፤ ሌሊቱን ስለምትሠራ ጠዋት እንቅልፍ ላይ ናት። ሌሊቱን የምትሠራው ለብድሩ ነው። ካልከፈለች ዋሶቿ አራቱ ሴቶች በሯ ላይ ይቆማሉ። በዚያ ሳምንት ደንበኛ አትመርጥም።

የክሩ ጥያቄ ከዚህ መጣ። የገንዘብ ድጋፍንና የኤችአይቪ መከላከልን አጣምሮ የሠራለት ሰው አለ ወይ? ወይስ በአንድ እጃችን ኮንዶም እየሰጠን በሌላው እጃችን ሌሊት ውጪ እያልን ነው?

1 እና 2 ቁጥር ምርቃትና ማበረታቻ ናቸው፤ አልፋቸዋለሁ።

3 ቁጥር ጨዋ ልጅ ነው። የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ መሆኑን አስቀድሞ ተናገረ። እህቴ እያለ ተስፋ እንዳትቆርጥ ለመናት። ነገሩ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሞክሮ ሠርቷል ባይ ነው። ቦታው የሊምፖፖ ገጠር፣ ጊዜው ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የጥናቱ ስም ኢሜጅ። ስምንት መንደሮች ተመረጡ። በአራቱ ላሉ ድሃ ሴቶች በአምስት ሰው ቡድን ብድር ተሰጠ። ሴቶቹ በየሁለት ሳምንቱ ለክፍያ ሲሰበሰቡ እዚያው ትምህርት ያገኛሉ፤ አሥር ክፍለ ጊዜ ነበር። የሚወራው ስለ ኤችአይቪ ብቻ አይደለም። ስለ ትዳር፣ ስለ ዱላ፣ ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለሚነገራት ነገር ሁሉ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከባል ወይም ከፍቅረኛ የሚደርስባቸው ጥቃት በ55 በመቶ ቀነሰ። ኤችአይቪም አብሮ ቀነሰ ብሎ ጽሑፉን ዘጋ።

4 ቁጥር ይህቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ለቀም አደረገቻት። ጥቃቱ መቀነሱ ልክ ነው፤ ኤችአይቪ ግን አልቀነሰም። ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲወጣ፣ በመንደሮቹ ወጣቶች ዘንድ በአዲስ በሚያዙት ቁጥር ላይ ለውጥ እንዳልታየ ተጽፏል። ሰው ጥናት ሲጠቅስ ደስ የሚለውን ግማሽ ብቻ ይዞ ባይመጣ ጥሩ ነው ስትል ወረፍ አደረገችው። ልጁ በ5 ቁጥር ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። (ይህን ቤት ሳስተናብር ሦስት ዓመቴ ነው። ይቅርታ ሲጠየቅ ያየሁት ሦስቴ ነው።)

6 ቁጥር ደግሞ ሁለቱንም አስታረቀ። ብድሩን ራሳቸው ከወሰዱት መካከል ወጣቶቹ ለብቻ ሲታዩ፣ የመመርመር ልማዳቸው ጨምሯል፤ ከባላቸው ውጭ ካለ ሰው ጋር ያለ ኮንዶም ግንኙነት ማድረጋቸውም ቀንሷል። በተጨማሪ፣ ትምህርት ሳይኖር ብድር ብቻ የተሰጠባቸው ሌሎች መንደሮች ነበሩ። እዚያ ኪስ ሞቀ እንጂ የቤት ውስጡ ነገር በዚያው ልክ አልተለወጠም። ስለዚህ ማጣመሩ ትርጉም አለው ነው ነገሩ። ጥሩ ነጥብ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። የሊምፖፖዎቹ አብዛኞቹ ጎልማሳ የገበያ ሴቶች ናቸው። የብድር ቀን ሲደርስ ተጨማሪ አትክልት ወይም ልብስ ይሸጣሉ። የሒሳብ ያዧ ሴቶች ግን በዚያ ቀን የሚሸጡት ሌላ ነገር ነው።

ከ7 እስከ 10 ያለው ሁሉ ጠብ ነው። 7 ቁጥር፣ ሒሳብ ያዧ በአንድ ቦታ ሴተኛ አዳሪ ብላ መጻፏ አስቆጣት። በወሲብ ንግድ የተሰማሩ መባል አለበት አለች። 8 ቁጥር ስም ማርዘም እንጀራ አይሆንም ብሎ አሾፈ። 9 ቁጥር ለ7 አግዛ ገባች፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያ ቃል በካርድ ክፍል ጮክ ተብሎ ስለተጠራባት ሴት ተረከች፤ ሴትየዋ ሁለተኛ አልተመለሰችም። ይህን ካነበብኩ በኋላ የ8 ቁጥር ቀልድ አላሳቀኝም። 10 ቁጥር እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንመለስ አለ፤ ግን እሱም ስለ ጉዳያችን ምንም አልጻፈም።

የመለሰን 11 ቁጥር ነው። ሻዝ የሚባል የዚምባብዌ ፕሮጀክት አመጣ። ሐራሬ አካባቢ ላሉ ወላጅ አልባ ልጃገረዶች የኑሮ ክህሎት ትምህርትና አነስተኛ ብድር ተሰጠ። ጊዜው የዚምባብዌ ዶላር ጠዋትና ማታ ዋጋው የሚለያይበት ነበር። ልጆቹ የሚነግዱትን ሸቀጥ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ ጀመሩ። መንገዱና ማደሪያው ደግሞ ይፈራላቸው ለነበረው አደጋ አጋለጣቸው። ብድሩን መመለስ የቻሉትም ጥቂቶች ናቸው። አዘጋጆቹ ብድሩን ትተው ወደ ሙያ ሥልጠና ዞሩ፤ መክሸፉንም ራሳቸው ጻፉት። ይህ ነገራቸው ደስ አለኝ። እኛ ጋ የከሸፈ ነገር ሪፖርት ላይ ተግዳሮት ተብሎ በሁለት መስመር ነው የሚታለፈው።

12 ቁጥር ብድር ለምን አስፈለገ፣ ዝም ብሎ መስጠት አይቻልም ወይ አለች። ማስረጃዋ ማላዊ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ዞምባ በተባለ ወረዳ ከ13 እስከ 22 ዓመት ላሉ ያላገቡ ልጃገረዶች በየወሩ ገንዘብ መስጠት ተጀመረ። ለቤተሰብ ከ4 እስከ 10 ዶላር፣ ለልጅቷ በእጇ ከ1 እስከ 5 ዶላር። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ፣ ሲጀመር ተማሪ ከነበሩት መካከል ገንዘቡን ያገኙት 1.2 በመቶ፣ ያላገኙት 3 በመቶ ኤችአይቪ ተገኘባቸው። ልጆቹ ገንዘብ ስለነበራቸው በዕድሜ ከሚበልጧቸው ወንዶች ራቅ አሉ። ነገር ግን ሲጀመር ትምህርት አቋርጠው በነበሩት ላይ ይህ ለውጥ አልታየም። 12 ቁጥር ይህንንም አልደበቀችም፤ የ4 ቁጥርን ወቀሳ ሰምታለች መሰለኝ።

13 ቁጥር ወዲያው አቀዘቀዛት። ደቡብ አፍሪካ ምፑማላንጋ ውስጥ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2,533 ልጃገረዶች ላይ ተመሳሳይ ነገር ተሞከረ። ከትምህርት ሳትቀር ለሄደች ልጅ ለእሷም ለአሳዳጊዋም በየወሩ ክፍያ አለ። በኤችአይቪ ላይ ልዩነት አልመጣም። ከፍቅረኛ የሚደርስ ጥቃት ግን በሲሶ ቀነሰ። ሰውየው ምክንያቱንም ሞከረው። እዚያ ገንዘቡ ሳይመጣም ልጆቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ለልጆች የሚከፈል የመንግሥት ድጎማም አለ። ቀዳዳው ባልነበረበት ቦታ ቢደፍኑት ምን ይመጣል?

እስከዚህ ድረስ ስብሰባው የተማሩ ሰዎች ነበር። ከዚያ 14 ቁጥር መጡ። አንቱ ማለቴ በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን ስለገለጹ ነው። ለዚህ ሥራ ገንዘብ መስጠት ኃጢአትን መሸለም ነው አሉ። ንስሐ፣ ጠበልና ጾም መፍትሔው እሱ ነው። አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፤ ፍርዳቸው ግን ከባድ። 15 ቁጥር ሰደባቸው። አጠፋሁት። ስድቡን ባጠፋም ንዴቱ ገብቶኛል።

16 ቁጥር ነርስ ናት፤ የምትሠራው በዚያው መንገድ ላይ ባለ ሌላ ከተማ ነው። ጋሼ ብላ በአክብሮት ጀመረች። ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ቤተ ክርስቲያንም እንደምታስተምር አስታወሰቻቸው። ከዚያ ቃሏ ሹል ሆነ። ሴቶቹ ለብቻቸው ኃጢአት አይሠሩም፤ ደንበኛ አላቸው፤ ደንበኛው ሚስት አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. በ16 ከተሞች በተደረገ ጥናት ከእነዚህ ሴቶች 19 በመቶ ገደማ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ከዚያ በፊት በ2017 እና 2018 እ.ኤ.አ. በከተሞች በተደረገው ሌላ ጥናት፣ ከአዋቂ ሴቶች 4.1 በመቶ፣ ከወንዶች 1.9 በመቶ ነበር። እሷ በየሳምንቱ የምታያቸው አዲስ ተያዥ የቤት እመቤቶች መጠጥ ቤት ገብተው አያውቁም። ቫይረሱ ቤታቸው ድረስ የመጣው በማን እግር እንደሆነ ጋሼ ይንገሩኝ ብላ ጨረሰች። ጋሼ አልመለሱም።

17 ቁጥር ጉዳዩን ወደ ሥልጠናው ወሰደችው፤ እኔንም አሳቀችኝ። በየትኛውም ከተማ ለሴት የሚሰጠው ምርጫ ሦስት ነው፤ ጸጉር ሥራ፣ ምግብ ዝግጅት፣ ልብስ ስፌት። እሷ ባለችበት ከተማ በአንድ ዙር ሃያ ሴቶች ጸጉር ሥራ ተመረቁ። አንድ ጎዳና ላይ ስድስት ጸጉር ቤት ተከፈተ። የከተማው ሴት ሁሉ በየቀኑ ብትሠራ እንኳ አይበቃቸውም። መስከረም ሲጠባ ሁለቱ ብቻ ቀርተው ነበር። የስፌት መኪናዎቹም ተሸጡ። 18 ቁጥር የእኛ ደግሞ ዶሮ ነበር፣ አለቁብን አለ። 19 ቁጥር ፈንግል ይሆናል፣ አስከትባችሁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። 20 ቁጥር ስለ ክትባቱ ቀን ቆጥሮ ረጅም ትምህርት ሰጠ። ክሩ ለግማሽ ሰዓት የዶሮ ክሊኒክ ሆነ። እውነት ለመናገር ጠቃሚ ስለነበር አላጠፋሁትም።

21 ቁጥር የጻፈችው ከኩዌት ነው። ከርዕሱ የወጣች መስሏት ቀድማ ይቅርታ ጠየቀች። አልወጣችም። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ገንዘቡን በወንድሟ ስም ባለ ደብተር ትልክ ነበር። ወደ አገር ስትመለስ ደብተሩ ባዶ ነው፤ ወንድሟ አግብቷል፤ ቤት ሠርቷል፤ ቤቱ ውስጥ ለእሷ ፍራሽ ተነጠፈላት። ለሁለተኛ ጊዜ ከመሄዷ በፊት ስላሳለፈቻቸው ስምንት ወራት በዝርዝር አልተናገረችም። ኪራይ ለመክፈል የማትፈልገውን ነገር እንዳደረገች ብቻ ጠቆም አድርጋ አለፈች። ለመሄድ ስትዘጋጅ የጤና ምርመራ አለ፤ ባሕረ ሰላጤው ኤችአይቪ ያለበትን ሠራተኛ አይቀበልም። ውጤቱን እስክትሰማ ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ነጻ ነበረች። አሁን የምታጠራቅመው በራሷ ስም ነው፤ የይለፍ ቁጥሩን እናቷም አታውቀውም። ምክሯ ለሒሳብ ያዧ አንድ ነው፤ ስንት ሰጠናት ሳይሆን በማን ስም ተቀመጠ ብለሽ ጠይቂ።

22 ቁጥር እስካሁን በሁሉም ክር ላይ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ነበር። ኢኮኖሚክስ ያስተምራል። ሁላችሁም ስለ ገቢ ታወራላችሁ፣ ነገሩ ያለው ግን ስለ ክፉ ቀን ነው አለ። ቡሲያ የኬንያና የኡጋንዳ ድንበር ላይ ያለች፣ የከባድ መኪና ሰልፍ የማይጠፋባት ከተማ ናት። እዚያ 192 ሴቶች በየቀኑ ማስታወሻ እንዲይዙ ተደረገ። ዛሬ ስንት ደንበኛ ነበር፣ ኮንዶም ነበር ወይ፣ ቤት ውስጥ የታመመ አለ ወይ። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ፣ በታመመበት ቀን ያለ ኮንዶም ግንኙነት የማድረጋቸው ዕድል በ19 በመቶ ይጨምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያለ ኮንዶም ለሆነ ደንበኛው ይጨምራል። ሴቶቹ ስለ ኮንዶም ትምህርት አልጎደላቸውም። የጎደላቸው የዚያን ቀን የመድኃኒት ብር ነው።

ቀጥሎ ያለው አባባሉ ነው ሒሳብ ያዧን የመታት። የብድር መክፈያ ቀን ማለት እኛ ራሳችን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያስገባነው ክፉ ቀን ነው። የልጅ ሕመም በዓመት ሦስቴ ቢመጣ፣ እኛ አሥራ ሁለት ጨመርንበት። ስለዚህ ከብድር ይልቅ ቁጠባ ይሻላል ባይ ነው። ኬንያ ውስጥ ሴቶች ለድንገተኛ ችግር ብቻ የሚሆን ቁጠባ በስልካቸው እንዲይዙ ሲደረግ፣ በችግር ምክንያት ወደዚህ ነገር መግባታቸው ቀንሷል። ሞንጎሊያ ኡላንባታር ውስጥም በዚሁ ሥራ ላይ ላሉ 107 ሴቶች ተመሳሳይ ሙከራ ነበር። ከኤችአይቪ ትምህርት ጋር የገንዘብ አያያዝ ትምህርትና ተጨማሪ የሚታከልበት ቁጠባ ያገኙት፣ ከወሲብ ንግድ የሚያገኙት የገቢ ድርሻ ቀነሰ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ክሩን ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁላችንም ሴቶቹን ከሥራው ስለማውጣት ነበር የምናወራው። አንዲትን ሌሊት እምቢ ስለማለት ያነሳ አልነበረም።

23 ቁጥር ነገሩን ወዲያው ወደ አገር ቤት አመጣው። ክፉ ቀን ማለት የልጅ ሕመም ከሆነ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ራሱ የኤችአይቪ መከላከያ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በ13 ወረዳዎች ሙከራ የተጀመረው ማለት ነው። ጎበዝ አልኩ። 24 ቁጥር ግን አላስጨረሰችንም። መድኑ የሚመዘገበው በቤተሰብ፣ በቀበሌ ነው። ከገጠር መጥታ አልጋ ቤት የምትኖር ሴት የትኛው ቀበሌ ነው ነዋሪዬ ናት የሚላት? የባንክ ደብተርም መታወቂያ ይጠይቃል። አሁን ፋይዳ መጥቶ ነገሩን አቅልሎታል፤ ቴሌብርም ስልኳ ውስጥ አለ። ሆኖም ቴሌብር ከቁጠባው ጎን ብድርም እንዳለው አትርሱ ብላ አስጠነቀቀች። ስልክ ላይ ያለ ብድር ማታ 6 ሰዓትም ይገኛል።

25 ቁጥር በዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥብኛል። በዚሁ ሥራ ላይ ያለች ሴት ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። ደንበኛ እስኪመጣ በስልኳ ስታነበን ነበር። ለመምህሩ አክብሮት አላት፤ ግን አረመችው። የልጅ ሕመም አልፎ አልፎ ነው፤ የክፍል ኪራይ በየቀኑ ነው። ሰው ባይመጣም አልጋው ይከፈላል። የቤቱ ባለቤት ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንድ ቀን ቢያልፍ ችግር የለውም። ሁለት ቀን ሲሆን ፊቷ ይቀየራል። በሦስተኛው ሌሊት የመጣውን ሰው ምንም ቢል እሺ ነው። እሷ ኮንዶም የተወችባቸውን ቀናት ሁሉ ታስታውሳለች፤ ሁሉም ሦስተኛ ሌሊት ነበሩ።

ስለ ቁጠባም አስተማሪ አያስፈልገንም አለች። የቀን እቁብ አላቸው። ዳኛዋ ከእነሱው አንዷ ናት። የቸገራት ሴት እጣ እንድትቀየርላት ዳኛዋን ትለምናለች፤ አንዳንዴ ይፈቀዳል፣ አንዳንዴ አይፈቀድም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንት ሥልጠና ገብታለች፤ እቁብ አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ብድርም ወስዳለች፤ ፍሪጅ ገዝታ ለስላሳ መሸጥ ጀመረች፤ መብራቱ አላሠራትም። ብድሩን ግን አንድ ቀን ሳታሳልፍ ከፍላ ጨርሳለች። ማኅበሩ ፎቶ አንስቶ ምሳሌ አደረጋት። የከፈለችው ከፍሪጁ እንዳልሆነ ማንም አልጠየቃትም።

ከዚህ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። ደግነቱ የሰው ልጅ ዝምታ አይችልምና 26 ቁጥር ሎተሪ ይዞ መጣ። ሌሶቶ ውስጥ የአባላዘር በሽታ ምርመራቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎች ሎተሪ እንዲደርሳቸው ተደርጎ አዲስ የኤችአይቪ መያዝ በ21 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ነገሩ እውነት ነው፤ ጊዜው አልነበረም። 27 ቁጥር ጮኸችበት። ሴትየዋ የአልጋ ኪራይ እያለች አንተ እጣ ታወራለህ? ሁለቱንም ለቀቅኳቸው።

28 ቁጥር ገንዘቡን ሁሉ ትታችሁ መድኃኒቱን ስጡ አለ። በቀን አንዴ የሚዋጠው መከላከያ ክኒን አገራችን ገብቷል። በዓመት ሁለቴ የሚወጋው ሌናካፓቪር ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲነገር፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ ከተወጉት 2,134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። ነርሷ በ29 ቁጥር ተመልሳ መለሰችለት። መርፌው ይምጣ እንጂ ማን ይጠላል። እሷ ጋ ክኒኑን ያቋረጡት ሴቶች ግን አብዛኞቹ ጠልተውት አይደለም። ኪራይ አልቆባቸው ከተማ ቀይረው ነው። መርፌው ከአባላዘርም ከእርግዝናም ከዱላም አያድንም። ደግሞም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ የክኒኑ አቅርቦት በየትኛው ክር ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሁላችንም አየነው።

30 ቁጥር ሹፌር ነኝ አለ። ሁለት መስመር ነው የጻፈው። ድንበር ላይ ወረፋ ቀናት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ እሱን ስለ ኮንዶም ያናገረው ሰው የለም። ሴቶቹን ሺህ ጊዜ ታስተምራላችሁ፤ ገንዘብ ጨምሮ ያለ ኮንዶም የሚጠይቀው እኮ እኛ ነን አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም። ምን ይባላል?

31 ቁጥር ሒሳብ ያዧ ራሷ ናት፤ ከአምስት ቀን በኋላ። ከኮሚቴው ጋር ተጣልታም ቢሆን ሦስት ነገር አስፈቅዳለች። የሁሉም ክፍያ በአንድ ሳምንት መሆኑ ቀርቷል። ስድስት ወር ያልቆጠበች ሴት ብድር አትወስድም፤ አልፈልግም ካለችም ቁጠባው ብቻ ይበቃታል። ሦስተኛው ሳጥን ነው። ሦስት ቁልፍ ያለው፣ ሦስት ሴቶች የሚይዙት፣ የቁጠባ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ሳጥኑ ውስጥ ለብቻዋ የተቋጠረች ከረጢት ትኖራለች። ከእሷ የሚወጣው ገንዘብ ወለድ የለውም፤ ዋስም አይጠየቅበትም፤ በጠየቀችበት ምሽት ይሰጣል። ጣሪያው ስንት ይሁን ብላ 25 ቁጥርን በቀጥታ ጠየቀቻት።

32 ቁጥር የዚያች ሴት መልስ ነው። የሁለት ሌሊት አልጋ፣ የአንድ ልጅ ካርድና መድኃኒት። ከዚያ አይለፍ፤ ካለፈ ያልቸገራትም ትወስዳለች። ቁልፍ የሚይዙት ደግሞ 11 ሰዓት ሲሆን ቢሮ ዘግተው ቤታቸው የሚገቡ ሰዎች እንዳይሆኑ። ማታ 5 ሰዓት ላይ ስልክ የምታነሳ ሴት ትያዘው። ሦስቱም በአንድ ሰፈር ይኑሩ፤ አንዷ ከሌለች ሳጥኑ አይከፈትማ።

33 ቁጥር አዲስ ሰው ናት። የሳምንቱን መዋጮ ያልከፈለች ሴት ከከረጢቷ መውሰድ ትችላለች ወይ ብላ ጠየቀች። ይህን ስጽፍ የመለሰላት የለም።